የፕላዝማው እሳት ሲነሣ ጠረጴዛዬ ልቡን ይስታል፦ በግቢ ውስጥ የተሠራ የሲኤንሲ መቁረጫ

የአዳማው በያጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከመኖሪያ ቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ የከለልኋት፣ አራት በስድስት ሜትር የሆነች ሥራ ቤት አለችኝ፤ በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ እሠራባታለሁ። ላለፉት ስምንት ወራት ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የሲኤንሲ ፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ (በኮምፒውተር እየታዘዘ፣ አየርን በኤሌክትሪክ አግሎ ብረት የሚቆርጥ ማለት ነው) ስገጣጥም ቆይቻለሁ። ጠረጴዛው ቆሟል። ይሄዳል። እሳቱን በሚተፋው ቶርች ቦታ እስክሪብቶ አስሬ ካርቶን ሳነጥፍለት ያዘዝሁትን ሁሉ ይሥላል፤ ልጄ ስሟን አሥላበት ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። መከራው የሚጀምረው እስክሪብቶውን ፈትቼ ቶርቹን ሳስር ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። አልጋው ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ነው። ስፋቱን የወሰነልኝ ገበያው ነው፤ ላሜራው አንድ በሁለት ሜትር ሆኖ ስለሚመጣ መሄጃውን በርዝመትም በወርድም በአሥር ሴንቲ ሜትር አስበለጥሁት። ለረጅሙ ጎን ሐዲድ አልገዛሁም፤ አንግል ብረት ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ በየድሁና ኩሽኔታዎች ተዳፋቱን ከግራና ከቀኝ ይዘው እንዲሄዱበት አደረግሁ። ድልድዩ ላይ ግን አልቆጠብሁም፤ ባለ 15 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ዱባይ ያለች እህቴ ላከችልኝ። ሞተሮቹ በትእዛዝ ልክ የሚዞሩ አራት ኔማ 23 ናቸው። ሁለቱ ድልድዩን ከሁለት ወገን ይገፋሉ፣ አንዱ ቶርቹን ግራና ቀኝ ይወስዳል፣ አንዱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። መግፊያው ሞጁል 1 (የጥርሱ መጠን ነው) የጥርስ ዘንግ ሲሆን ባለ 20 ጥርስ ፒኞን (ትንሽ ጥርሳም ጎማ) ይነክሰዋል። ፒኞኑ አንድ ዙር ሲዞር 62.83 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ በቺንጋ ለሦስት ስለከፈልሁት በሞተሩ አንድ ዙር 20.94 ይሆናል፤ ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር በዙር 1600 የኤሌክትሪክ ምት ስለሚቆጥር ለአንድ ሚሊ ሜትር 76.4 ምት ይደርሰዋል ማለት ነው። አንድ ሜትር ሂድ ብዬ አዝዤ በሜትር ስለካው አንድ ሜትር ነው።

መቆጣጠሪያው ጂአርቢኤል የተባለው የማሽን ማዘዣ ፕሮግራም የተጫነበት አርዱዊኖ ኡኖ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ይነጋገራል። ፕላዝማው ከቻይና የመጣ ባለ 50 አምፔር ነው፤ የምሠራው ግን በ40 ነው።

አሁን ወደ በሽታው። እሳቱ ሲነሣ ከሦስቱ አንዱ ይደርሳል። ወይ ላፕቶፑና አርዱዊኖው ይቆራረጣሉ። ወይ ማንም ሳይነካው «ገደብ ተነክቷል» ብሎ ባለበት ይቆማል (መሄጃው ጫፍ ሲደርስ የሚነኩ የገደብ ማብሪያዎች አሉት)። ወይ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ከመነሻው ሰባት ሚሊ ሜትር ስቶ አገኘዋለሁ። በእስክሪብቶ ሲሠራ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ሁለት ላሜራ አበላሽቻለሁ፤ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩ አንዱ 47 ኪሎ ነው፣ ዋጋውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ሞርሳ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ በርታ። ቁጣ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ይህን ሁሉ ወር ከምትደክም አንድ ጥሩ ፎርማ ቆርጠህ ቶርቹን በእጅህ ብታስከትለው አይሻልም ነበር? እኔ ከ30 ዓመት በላይ በኦክሲጂንና በአሴትሊን ቆርጫለሁ፤ ፕላዝማ ከመጣ ወዲህም እጄ ፎርማዋን ይከተላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ቦታዋን አትረሳም።

የአዳማው በያጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ለአንድ በር ፎርማ ይበቃል። እኔን ያስጀመረኝ ግን አንድ ደንበኛ ስድሳ ተመሳሳይ ጌጥ አዝዞኝ በአሥራ አንደኛው ላይ ክንዴ መንቀጥቀጡ ነው። አርባኛው የመጀመሪያውን አይመስልም ነበር። ደንበኛው ከፈለኝ፣ ግን ዳግመኛ አልተመለሰም።

ሽቦ ቆጣሪዋ (ኮምቦልቻ)

እኔ ፋብሪካ ውስጥ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ነው የምሠራው፤ ብየዳ አላውቅም፤ ይህን በሽታ ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ፕላዝማህ እሳት የሚያስነሣው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይመስለኛል። እንዲህ ባለው ቶርች ውስጥ ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ (እሳቱ የሚነሣበት ዘንግና የሚወጣበት አፍ) አይነካኩም፤ ማሽኑ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ለመዝለል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያለው ፈጣን ብልጭታ ይልካል። ይህ ብልጭታ የሬዲዮ ጣቢያ ማለት ነው። ያገኘውን ሽቦ ሁሉ አንቴና ያደርገዋል። ካላመንህ የባትሪ ሬዲዮ አጠገቡ ክፈትና የቶርቹን ቁልፍ ተጫን፤ ምን ያህል እንደሚንጫጫ ትሰማለህ።

ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ግን ንገረኝ። የማሳው መቆንጠጫ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) የት ነው የታሰረው? ላፕቶፑ ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው? የገደብ ማብሪያዎቹ ሽቦ በየት በኩል ያልፋል? ደግሞም ፕላዝማውን ሳታስነሣ፣ አየሩን ብቻ ለቅቀህ ያንኑ ፕሮግራም አሂደው፤ ያን ጊዜም ይስታል ወይ?

ከዴንቨር (ኮሎራዶ)

እኅታችን ያለችው ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን አጭር ይመስለኛል። ማሽኑን ሽጠህ ያለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚነሣ ግዛ። በነዚያ ኤሌክትሮዱ ኖዝሉን ነክቶ ይቆያል፤ አየሩ ሲመጣ ገፍቶ ያላቅቀዋል፤ ብልጭታው የሚወለደው በመላቀቁ ነው። ጫጫታው እጅግ ያነሰ ነው። የምሠራበት ጋራዥ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ እንዲህ ያለ ማሽን ነው ያለው፤ ኮምፒውተሩ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ተቆርጦ አያውቅም።

የአዳማው በያጅ

ወንድሜ ዴንቨር፣ ምክርህ ትክክል ነው፤ ኪሴ ግን አይሰማም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር ከተንሳፈፈ በኋላ፣ የማሽን ዋጋ ስጠይቅ ነጋዴው ራሱ እያፈረ ነው የሚነግረኝ።

ለእኅቴ መልስ፦ ማሳውን የቆነጠጥሁት በጠረጴዛው እግር ላይ ነው። ላፕቶፑና ፕላዝማው አንድ ማራዘሚያ ላይ ናቸው። የገደብ ማብሪያዎቹን ሽቦ ከቶርቹ ገመድ ጋር አንድ ላይ አድርጌ በላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ፤ ለውበት ነው። አየር ብቻ ለቅቄ ሳሂደው አልተቆራረጠም፣ የሐሰት ገደብም አላለም። ብቻ… ሦስት ጊዜ ከሞከርሁት አንዴ ሰባቷን ሚሊ ሜትር ስቷል። ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

ሽቦ ቆጣሪዋ

ያ ውበት ነው የገደለህ።

የጠረጴዛው እግር ቀለም የተቀባ ነው አይደል? ስለዚህ 40 አምፔሩ ከላሜራው ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ለመመለስ በድልድዩ፣ በኩሽኔታው፣ በሞተሮቹ አካል፣ እንዲያም ሲል በላፕቶፑ ቻርጀር በኩል መንገድ ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ ሰነፍ አይደለም፤ በር ሁሉ ያንኳኳል። መቆንጠጫውን አንሣና በቀጥታ ላሜራው ላይ፣ ካልሆነም ላሜራው በሚያርፍባቸው የብረት ምላሶች ላይ እሰረው። ቀለሙን በሞላ (በብረት መፍጫ) ግፈፈው።

ላፕቶፑን ከሶኬት ንቀልና በባትሪ አሠራው። ነጻ ሙከራ ነው፤ ብዙ ይነግርሃል።

የገደብ ሽቦዎቹን ከቶርቹ ገመድ ቢያንስ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር አርቃቸው፤ መሻገር ግድ ከሆነባቸው በቀጥታ አግድም ይሻገሩ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ማብሪያዎቹ ሲነኩ የሚዘጉ ከሆኑ ሲነኩ ወደሚከፈቱት ቀይራቸው፤ ሽቦው ሲቆረጥም ታውቃለህ። በ5 ቮልት ፋንታ በ24 ቮልት አሠራቸውና በኦፕቶኮፕለር (ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር ቁራጭ) በኩል ወደ አርዱዊኖው አስገባቸው። መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አኑር። ሽቦው ልባስ ካለው ልባሱን በመቆጣጠሪያው ሣጥን በኩል ብቻ ከመሬት ጋር አገናኘው፤ በሁለቱም ጫፍ ካሰርኸው ራሱ ሌላ መመለሻ መንገድ ይሆንልሃል። በመጨረሻም ለጠረጴዛው የራሱ የሆነ የመሬት ዘንግ ቅበርለት። አዳማ አፈሩ በበጋ ስለሚደርቅ አልፎ አልፎ ውኃ አጠጣው።

ቶርኖ ቤት (ባሕር ዳር)

ሰባቷን ሚሊ ሜትር ለብቻዋ አድርጓት። ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚስተው ወይስ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ?

የአዳማው በያጅ

ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ሞተር ወደ ኋላ ይቀራል።

ቶርኖ ቤት

እንግዲያው ብልጭታ አይደለም። ብልጭታ እንዲህ አያዳላም። የቀኙን ፒኞን የያዘችውን ትንሽ ቡሎን ተመልከታት፤ ዘንጉ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ካልተሞረደላት በድንገት በተነሣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትንሸራተታለች። በእስክሪብቶ ስትሠራ ቀስ እያልህ ስለነበር አልታየችህም። ፍጥነቱን ስትጨምር ወጣች።

የአዳማው በያጅ

ከስድስት ቀን በኋላ ተመለስሁ። በመካከሉ ሁለት ቀን መብራት አልነበረም።

ጋሼ ቶርኖ፣ እጅዎን ይባርከው። ፒኞኑን በጣቴ ይዤ ሳዞረው ዘንጉ ቆሞ እርሱ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ለካ ስድስት ወር ሙሉ ሶፍትዌር ስወቅስ የኖርሁት በአንዲት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቡሎን ምክንያት ነው። ዘንጉን ሞረድሁት፣ አሰርኋት፣ የክር ሙጫ ጨመርሁባት። ሰባቷ ሚሊ ሜትር ሞታለች።

እኅቴ ኮምቦልቻ፣ ላፕቶፑን በባትሪ ሳሠራው መቆራረጡ በዚያችው ሰዓት ጠፋ። ወዲያው ጮኽሁ፤ ባለቤቴ እሳት የተነሣ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች። ማሳውን ወደ ምላሶቹ አዛወርሁት። የሐሰት ገደቡ ግን አልተወኝም ነበር፤ ሽቦውን አርቄ፣ ማብሪያዎቹን ቀይሬ፣ 24 ቮልቱን ካስገባሁ በኋላ ነው ያቆመው። ኦፕቶኮፕለሩን ከተበላሸ የኃይል ሣጥን ውስጥ ፈትቼ ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ አንድ በሽታ ያልሁት ሦስት ነበር። አሁን ይቆርጣል። ቆራረጡ ግን አስቀያሚ ነው፦ ከታች የሚንጠለጠል ጠንካራ ቅላጭ አለ፣ የቀዳዳው ግድግዳም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ከዴንቨር

እንኳን ደስ አለህ። ማሽን ሽጥ ያልሁትን እንዳልሰማኸኝ ደስ ብሎኛል።

ቅላጩን ተመልክተህ ፍጥነቱን ማወቅ ትችላለህ። ወፍራም፣ እንደ አረፋ የተንጠባጠበና በመዶሻ መታ ስታደርገው የሚረግፍ ከሆነ ቶርቹ ቀርፋፋ ነው። ቀጭን ሆኖ ጠርዙ ላይ የተበየደ ያህል ጠንክሮ በሞላ ካልሆነ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ፈጥነሃል። አንተ «ጠንካራ» ስላልህ ቀንስ ባይ ነኝ፤ እየቀነስህ አጫጭር መስመር ቁረጥና ተመልከት።

ማዘንበሉ ደግሞ ከአቅጣጫው ነው። ቶርቹ ውስጥ ያለው አየር እየተሽከረከረ ስለሚወጣ ቶርቹ ሲሄድ በቀኙ ያለው ግድግዳ ቀጥ ይላል፣ በግራው ያለው ያዘነብላል። ስለዚህ የምትፈልገው ብረት ሁልጊዜ ከቶርቹ በስተቀኝ መሆን አለበት። የውጭውን ዙሪያ በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር፣ ቀዳዳውን በተቃራኒው። አስቀድመህ ቀዳዳዎቹን ቁረጥ፤ ዙሪያው ከተቆረጠ ብረቱ ይንቀሳቀሳል።

ደግሞ ከፍታህን ንገረን። ሲበሳ ከላሜራው ስንት ይርቃል፣ ሲቆርጥስ?

የአዳማው በያጅ

ለሁለቱም ሁለት ሚሊ ሜትር ነው ያደረግሁት።

ከዴንቨር

አሃ። ሲበሳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ብረቱ ገና አልተበሳምና ቅላጩ ወደ ላይ ይረጫል፣ ኖዝልህን ይደፍናል። ከበሳ በኋላ ወደ 1.5 ዝቅ ይበል። መብሻውም በምትፈልገው መስመር ላይ አይሁን፤ ከሚጣለው ብረት በኩል በስቶ በአጭር መግቢያ ይምጣ።

ለቀጭን ላሜራ ከፍታውን የሚጠብቅ መሣሪያ ያስፈልግሃል። ላሜራው በሙቀት ይንጠራራል፤ አንዱ ጥግ ከፍ ብሎ ቶርቹን ይመታዋል። መሣሪያው የቅስቱን (በቶርቹና በላሜራው መካከል የሚነደውን እሳት) ቮልቴጅ ይለካል፤ ቶርቹ ሲርቅ ቮልቴጁ ይጨምራል፣ ሲቀርብ ይቀንሳል። አንድ ወጥመድ አለው። ጥግ ላይ ቶርቹ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቁርጡ ይሰፋል፣ ቮልቴጁም ይጨምራል፤ መሣሪያው «ርቄአለሁ» ብሎ ይወርድና ላሜራው ውስጥ ይሰካል። ስለዚህ ጥግ ላይ እንዲያንቀላፋ ማዘዝ ግድ ነው።

ሽቦ ቆጣሪዋ

ያንን ቮልቴጅ ለመውሰድ ማሽኑን የምትከፍት ከሆነ ተጠንቀቅ። ቅስት በሌለበት ሰዓት በውጤቱ ላይ ከ200 ቮልት በላይ አለ፤ ማሽኑ ጠፍቶም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይዘው ይቆያሉ። ነቅለህ፣ ጠብቀህ፣ በሜትር ለክተህ ነው እጅህን የምታስገባው። ለአሁኑ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትቆርጥ ከሆነ በእያንዳንዱ መብሻ ላይ ቶርቹ ወርዶ ላሜራውን ነክቶ ከፍታውን ቢለካ ይበቃሃል።

ጀማሪ ነኝ (ሐዋሳ)

ይቅርታ፣ በመካከል ልግባ። እኔም መጀመር እፈልጋለሁ። ያለኝ የ50 ሊትር ኮምፕረሰር ነው፤ የቤታችን ቆጣሪም ነጠላ ፌዝ ነው። ይሆናል?

ቶርኖ ቤት

ኮምፕረሰሩ ለጎሚስታ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ባለ 40 አምፔር ቶርች ከመቶ ሊትር በላይ አየር በደቂቃ ይጠጣል፤ በ5 ባር አካባቢ፣ ያውም እየፈሰሰ ሳለ የሚለካ እንጂ ቆሞ የሚታይ አይደለም። ትንሿ ታንክ ከአንድ ሜትር ቁርጥ በኋላ ትደክምና እሳቱ መካከል ላይ ይጠፋል።

መብራቱን በተመለከተ፣ 40 አምፔር በ96 ቮልት ወደ 3.8 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ የማሽኑን ብክነት ጨምርበትና ከቤትህ መስመር ከ25 አምፔር በላይ ይስባል። ኮምፕረሰሩ በዚያው ላይ ሲነሣ አስበው። ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው በቀጥታ አስጎትት፤ እናትህ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት አትቁረጥ።

የአዳማው በያጅ

ስለ አየር ካነሣችሁ አዲሱን ችግሬን ልንገራችሁ። ኤሌክትሮድ በቀን ሁለት ይበላብኛል። መካከሉ ላይ ያለችው የብር መልክ ያላት ነጥብ ተቦርቡራ ትልቅ ጉድጓድ ሆናለች። ውኃ አጣሪ እኮ አለኝ! ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ነው የገጠምሁት።

ቶርኖ ቤት

ችግሩ «አፍ ላይ» ያልኸው ነው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው አየር ትኩስ ነው፤ ውኃው ገና እንፋሎት ስለሆነ በአጣሪው ውስጥ እንደ መንፈስ ያልፋል። በቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነው ውኃ የሚሆነው፤ ያን ጊዜ አጣሪህ ከኋላው ቀርቷል። አጣሪውን ነቅለህ ቶርቹ አጠገብ አምጣው። በመካከል አሥር ሜትር ያህል የመዳብ ወይም የብረት ቱቦ በግድግዳው ላይ ከፍና ዝቅ እያደረግህ አስሂደው፤ በየዝቅታው የማፍሰሻ ቧንቧ አድርግለት። ታንኩን በየማለዳው አፍስስ። የሚወጣውን ውኃ ብታየው ይገርምሃል።

ያቺ የብር መልክ ያላት ነጥብ ሃፍኒየም የሚባል ብረት ናት። ጉድጓዷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ካለፈ አትጨቃጨቅ፣ ቀይራት፤ ካለዚያ ኖዝሉንም ይዛው ትሄዳለች።

ጋሽ ሞርሳ

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጭሱስ የት ይሄዳል? እጅህ ርቋል እንጂ ሳንባህ እዚያው ቆሟል።

የአዳማው በያጅ

ከምላሶቹ በታች ከላሜራ የበየድሁት ገንዳ አለ ጋሼ፤ ውኃ ሞልቼበታለሁ። ብናኙንና አብዛኛውን ጭስ ይይዘዋል፤ ላሜራውም ብዙ አይንጠራራም። መጀመሪያ ውኃውን በየሳምንቱ ብቻ ነበር የምቀይረው፤ በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ መጥታ «ወባ እያረባህብን ነው» አለችኝ። አይታ ነው፤ የትንኝ ትሎች ይዋኙበት ነበር። አሁን ማታ ማታ በርሜል ውስጥ አፈስሰውና እከድነዋለሁ፤ ጠዋት መልሼ እሞላዋለሁ።

ከዴንቨር

ውኃ ካለህ ሁለት ነገር ልብ በል። አሉሚኒየም ውኃ ላይ አትቁረጥ። የቀለጠው አሉሚኒየም ከውኃው ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ሃይድሮጂኑ ከላሜራው ሥር ይጠራቀምና በሚቀጥለው ብልጭታ ይፈነዳል። ገንዳው ውስጥ የተጠራቀመ የአሉሚኒየም ዝቃጭም እንዲሁ ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም።

ሁለተኛው የዚንክ ቅብ ያለው ላሜራ ነው። ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ጠጣ የሚሉህን አትስማ፤ ወተት ከሆድ እንጂ ከሳንባ አይደርስም። በር ክፈት፣ አየር ማስወጫ አድርግ፣ ማስክ ልበስ። ለዓይንህም ቁጥር 8 ጥቁር መስታወት።

ጋሽ ሞርሳ

ወተቱን ለ30 ዓመት ጠጥቻለሁ። ቢያንስ ጣፋጭ ነበር።

የአዳማው በያጅ

ከወር በኋላ ነው የምጽፈው፤ ይህ ውይይት ያላለቀ ታሪክ እንዳይሆን ብዬ ነው።

አጣሪውን ቶርቹ አጠገብ አመጣሁት፤ አሁን አንድ ኤሌክትሮድ ሳምንት ያስኬደኛል። ጠረጴዛው ስኩዌር አልነበረም፤ ቶርኖ ቤት በስልክ እንዳሉኝ አንድ በሁለት ሜትር ሥዬ ሁለቱን ሰያፍ ለካሁ። ሁለቱም 2236 መሆን ነበረባቸው፣ አንደኛው 2239 ሆነ። የአንዱን ጎን የገደብ ማብሪያ ትንሽ ወደ ኋላ በመግፋት አስተካከልሁት። መብራት መካከል ላይ ሲጠፋ ድሮ ሥራው ይበላሽ ነበር፤ አሁን ሲመለስ ጠረጴዛውን ወደ ገደብ ማብሪያዎቹ ልኬ ቤቱን (መነሻ ቦታውን) እንዲያገኝ አደርገዋለሁ። የሥራ መነሻዬን በጂ54 (በፕሮግራሙ የመነሻ ማኖሪያ) ስለማስቀምጠው መብራት ቢጠፋም አርዱዊኖው አይረሳውም፤ ካልተጠናቀቀው ቅርጽ መጀመሪያ ላይ እቀጥላለሁ።

ዋናውን ግን ልንገራችሁ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ለበሩ «መድኃኔ ዓለም» የሚል ጽሑፍ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጠህ አምጣ አለኝ። በኢንክስኬፕ (በሥዕል ፕሮግራም) ጻፍሁት፣ የቶርቹን መንገድ ወደሚያወጣው ሺትካም ወሰድሁት፣ ቆረጥሁት። ፊደሎቹ ባዶ ሆነው ከኋላ ብርሃን እንዲያልፍባቸው ነበር ሐሳቡ። ላሜራውን ሳነሣው የ«መ» ሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ የነበረው ብረት ገንዳ ውስጥ ገባ። የ«ዓ» ራስም እንዲሁ። የ«ም»ም። «መ» ሳይሆን ሁለት ትልልቅ ዓይን ሆኖ አፈጠጠብኝ። የላቲን ፊደል የሚቆርጡ ሰዎች ጥቂት ፊደል ላይ ነው ይህ የሚገጥማቸው፤ የእኛ ፊደል ግን ቀለበት ይወዳል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀለበት ድልድይ ሠራሁለት። መጀመሪያ ሁለት ሚሊ ሜትር አደረግኋቸው፤ ቁርጡ ራሱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሚበላ ድልድዩ እየነደደ ተቆረጠ። አራት ሚሊ ሜትር ሳደርገው ቆመ። ትልቁ ራስ ምታት የ«ኔ» እግር ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት ነበረች። እንደ ቅርጸ ፊደሉ ብቆርጣት ውስጧ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቶርቹ ከሚበላው እምብዛም አይበልጥም፣ ቀልጦ ጉድጓድ ይሆናል። ሦስት ቅርጸ ፊደል ለወጥሁ። በመጨረሻ አንድ የድሮ ብራና የሚያነቡ መሪጌታ ጠየቅሁ፤ በወረቀት ላይ በብዕር ጻፉልኝ። በእጃቸው ጽሕፈት ቀለበቷ ሰፋ ብላ፣ እግሩም አጠር ብሎ ነው የሚወጣው። እርሳቸው የጻፉትን ፎቶ አንሥቼ በላዩ ላይ ሣልሁበት። የመጀመሪያው ቁርጥ አማረ።

ባለፈው እሑድ ተሰቅሏል። ማታ ከኋላው አምፖል ሲበራ «ኔ» ላይ ያለችው ቀለበት ከመንገድ ማዶ ትታያለች።

ሽቦ ቆጣሪዋ

የ«ኔ»ን ፎቶ ለጥፍልን። ፋይሉንም ካላስቸገረህ፤ እዚህም በር የሚያሠሩ አሉ።

የአዳማው በያጅ

ፋይሉን ዛሬ ማታ አኖረዋለሁ። ለ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው የተሠራው፤ ለ6 ከሆነ ድልድዮቹን አስፉ።

ጋሽ ሞርሳ

ልጄ፣ አንድ ሥራ መጥቶልኛል። ሁለት መቶ የማጠፊያ ሳህን፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ አራት ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ነው። ያንተ ጠረጴዛ ይህን ቀዳዳ ክብ አድርጎ ያወጣዋል ወይስ በትራፓኖ ልበሳው?

የአዳማው በያጅ

ጋሼ፣ ሳህኑን እቆርጥልዎታለሁ። ለቡሎን ማለፊያ ከሆነ ቀዳዳውም ይሆናል፤ ጥብቅ እንዲሆን ከፈለጉ ግን ማእከሉን ብቻ ነጥብ አድርጌ ልተውልዎ፣ በትራፓኖ ይጨርሱት። በ6 ሚሊ ሜትር ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከታች ትንሽ ይጠባል፤ እንዳላሳፍርዎት።

ጋሽ ሞርሳ

ነጥቡን ተው። ቅዳሜ ላሜራውን በኤሶዙ ይዤ እመጣለሁ። ዋጋውን እዚህ አትጻፈው፣ ሰው ያየናል።